ጥሪ በተደረገ ቁጥር እጇን ለምታነሣው እኅት

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። ጌታን የተቀበልሁት አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ደሴ ላይ በተደረገ የወጣቶች ጉባኤ ነው፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ‹ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሣ› በተባለ ቁጥር፣ ምናልባት ያኔ ከልቤ አልነበረም ይሆናል እያልሁ እጄን አነሣለሁ። ለጥቂት ቀናት ሰላም አገኛለሁ፤ ከዚያ ያው ነኝ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ሰባኪ ‹የዳንህበትን ቀንና ሰዓት ካላወቅህ ገና አልዳንህም› ሲል ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ትሄዳለች። ጭንቀቴን ስነግራት ‹ልጄ፣ ድኛለሁ ማለት ድፍረት ነው፤ እሱ ያውቃል በይ› ትለኛለች። ሌሊት ፈረቃ ላይ ማሽኑ ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ሳልፈልገው በእግዚአብሔር ላይ ክፉ ቃል በአእምሮዬ ይመጣብኛል፤ መንፈስ ቅዱስን ሰድቤ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። የጌታን እራት ከወሰድሁ ዓመት አልፎኛል። ሙስሊሟ ጎረቤታችን አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ከፈረቃ ስወጣ እየገባሁ ገላቸውን አጥባቸዋለሁ፤ ግን ይህም ይሉኝታ ይሁን ፍቅር አላውቀውም። የእኔ ነገር ምን ይሻላል?»

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ያስጨነቀሽ ነገር ብዙ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ከአንድ ጥያቄ የሚወጣ ይመስለኛል፤ እርሱም «ያን ጊዜ ያመንሁት ከልቤ ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የምትጠሪው ምስክር የገዛ ልብሽን ነው። ልብ ደግሞ ሌሊቱን በሥራ ቆሞ ያደረ ዕለት አንድ ነገር ይላል፣ በዝማሬ መካከል ሌላ ይላል፤ ስለዚህ አሥር ጊዜ እጅሽን ብታነሺ፣ አሥረኛውስ ከልቤ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ ያው ልብ በመሆኑ ጥያቄው ማለቂያ አይኖረውም። ለጥቂት ቀናት የምታገኚው ሰላም ቶሎ የሚሸሽሽም ስለዚህ ነው፤ ያረፍሽው በዚያ ዕለት በተሰማሽ ስሜት ላይ ስለሆነ ስሜቱ ሲሄድ ሰላሙም አብሮ ይሄዳል።

የመዳን እርግጠኝነት የራስን እምነት በመመዘን አይገኝም። የሚገኘው ያመንሽው ማን እንደሆነና ምን ብሎ ቃል እንደገባልሽ በማወቅ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ያመንሁትን አውቃለሁና፥ የሰጠሁትንም አደራ እስከዚያ ቀን ድረስ ሊጠብቅ እንዲችል ተረድቼአለሁ» ይላል። የእርግጠኝነቱ መሠረት እርሱ አጥብቆ መያዙ ሳይሆን ጌታው አደራ ጠባቂ መሆኑ ነው። ጌታ ራሱም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 37 ላይ «ወደ እኔም የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም» ብሏል። እባክሽ ይህን ቃል ቀስ ብለሽ አንብቢው። «በጽኑ እምነት የሚመጣውን» አላለም፤ «ሳይጠራጠር የሚመጣውን» አላለም፤ የመጣበትን ቀን የሚያስታውሰውንም ለይቶ አልጠራም። የሚመጣውን ነው ያለው። ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ከሕዝቡ መካከል ተደብቃ በኋላው ቀርባ የልብሱን ጫፍ ነካች፤ መሰወር እንዳልቻለች ባየች ጊዜ እየተንቀጠቀጠች በፊቱ ወደቀች፤ የሰማችው መልስ ግን «እምነትሽ አድኖሻል፤ በሰላም ሂጂ» የሚል ነበር። የታመመውን ልጁን ይዞ የመጣው አባት ደግሞ በአንድ ትንፋሽ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ግማሹ እምነት፣ ግማሹ ጥርጣሬ የሆነ ጸሎት ነው፤ ልጁም ተፈወሰለት።

ሰባኪው ስለ ቀንና ሰዓት የተናገሩትን በተመለከተ፣ በቅንነት እንደ ተናገሩት አምናለሁ፤ ነገር ግን ያሉትን የሚደግፍ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላገኘሁም። ጳውሎስ ወደ ደማስቆ ሲሄድ ብርሃን የወረደበትን ቀን ሙሉ ዕድሜውን ሲተርክ ኖሯል። ጢሞቴዎስ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀ፣ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረውን እምነት ይዞ ያደገ ሰው ነው፤ ያመነበት ቀን አንድም ቦታ አልተጻፈለትም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ በአንዲት በፊልጵስዩስ ከተማ ሁለት ሰዎች ሲያምኑ እናነባለን። ሐምራዊ ሐር ሻጯ ልድያ በወንዝ ዳር ተቀምጣ ስትሰማ ጌታ ልቧን ከፈተላት፤ ከዚህ የተለየ የተተረከላት ነገር የለም። የወኅኒ ጠባቂው ግን በእኩለ ሌሊት የምድር መናወጥ ደርሶ፣ ሰይፉን መዝዞ ራሱን ሊገድል ሲል ነበር የዳነው። ሁለቱም ዳኑ፤ ሁለቱም ተጠመቁ።

በእኛ አገር የተወለዱበትን ቀን አለማወቅ እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ ገጠር ስንቱ አረጋዊ ነው መቼ ተወለዱ ተብሎ ሲጠየቅ «ጣሊያን በወጣ ዓመት» ወይም «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ አስቀድሞ» ብሎ የሚመልሰው? መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሲሄዱ ጸሐፊው በግምት አንድ ቀን ይጽፍላቸዋል። ቀኑን አላወቁትምና አልተወለዱም ብሎ የሚከራከራቸው ግን የለም፤ በፊቱ ቆመው እየተናገሩት ነውና። አንቺም በየሌሊቱ የምትጠይቂው «ያን ቀን በእርግጥ ተወልጄ ነበር ወይ?» እያልሽ ነው። ከዚህ ይልቅ ዛሬ ወደ ማን እንደምትጮኺ፣ ስትወድቂ የማንን ይቅርታ እንደምትለምኚ ጠይቂ። ለዚህኛው መልሱን ታውቂዋለሽ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽዋልና።

ስለ ስሜት አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1738 በለንደን በአንድ ማታ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ባልለመደው ሁኔታ እንደ ሞቀና ክርስቶስ የእርሱን ኃጢአት እንደ ወሰደለት ማረጋገጫ እንዳገኘ ጽፏል። ይህ ምስክርነት በብዙ ስብከት ይጠቀሳል። ያን ያህል የማይጠቀሰው ግን ይኸው ሰው ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በጥር 1739 መጀመሪያ፣ በማስታወሻው ላይ አሁን ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ መጻፉ ነው። የሚጠበቅብኝን ፍቅርና ደስታ በራሴ ውስጥ አላገኘሁም ብሎ ነበር እንዲህ የጻፈው። ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ወንጌልን ሰብኮ ነው ያረፈው። የልብ ሙቀት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነ ሲመጣ አመስግኚበት፤ ሲቀዘቅዝ ግን የዳንሽበት ነገር የተወሰደብሽ አይምሰልሽ። ከእርሱ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1646 በዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ያዘጋጁ የፕሮቴስታንት ሊቃውንትም በምዕራፍ 18 ላይ፣ እውነተኛ አማኝ ይህን እርግጠኝነት ከማግኘቱ በፊት ረጅም ጊዜ ሊቆይና ከብዙ ችግር ጋር ሊታገል እንደሚችል አስፍረዋል። መዳንና መዳንን ማረጋገጥ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ዘግይቶብሽ ስለምትሠቃዪ የመጀመሪያው የለሽም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እናትሽ ቃል ልምጣ፤ ረዘም አድርጌ ልጽፍበት የምፈልገው ይህ ነው፣ ምክንያቱም አንቺ በእርሳቸውና በሰባኪው መካከል ተይዘሽ የተጨነቅሽ ይመስለኛል።

እናትሽ «ድኛለሁ ማለት ድፍረት ነው» ሲሉሽ ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ባደጉበት ትምህርት መዳን በጥምቀት ተጀምሮ፣ በንስሐ፣ በቅዱስ ቁርባንና በምግባር እስከ ዕለተ ሞት የሚኬድ መንገድ ነው፤ መንገዱን ሳይጨርስ ደርሻለሁ የሚል ሰው ለእርሳቸው በራሱ የሚመካ ነው። ጳውሎስም «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ብሎ ጽፏል። ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶ ጾሙንና አሥራቱን የቆጠረው ፈሪሳዊ ሳይጸድቅ ተመልሷል። በእኛ በወንጌላውያን መካከልም «ድኛለሁ» የሚለው ቃል እንደ ማዕረግ የሚነገርበት፣ የጎረቤትንና የወላጅን እምነት ማቃለያ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን እናትሽ ሳያስተውሉ አይቀሩም። ስለዚህ ፍርሃታቸውን አታጣጥዪው። ብቻ ጳውሎስ በፍርሃት ፈጽሙ ካለ በኋላ በሚቀጥለው ቁጥር «መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና» ማለቱን አብረሽ ያዢ። ፍርሃቱ እግዚአብሔር በውስጣችን እየሠራ ስለሆነ የሚመጣ አክብሮት ነው፤ ይጥለኝ ይሆን የሚል ሥጋት አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስም መልእክቱን የጻፈበትን ምክንያት ሲናገር «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ» ይላል። እግዚአብሔር እንድናውቀው ብሎ ያስጻፈውን ማወቅ ድፍረት ሊሆን አይችልም። ድፍረት የሚሆነው እርግጠኝነቱ በራስ ላይ ሲቆም ነው።

በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ነው ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። ነገር ግን እናትሽ በቅዳሴ ቆመው በየጊዜው የሚሰሙት አንድ ጸሎት አለ፤ «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» የሚለው ነው። አቤቱ በመንግሥትህ አስበን፣ በቅዱስ መስቀል ላይ ሳለህ ፈያታዊ ዘየማንን እንዳሰብኸው ማለት ነው። ይህን ጸሎት የሚጸልይ ሰው ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ወደ ግሸን የወጣበትን የእግር መንገድ ቆጥሮ አይደለም በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው፤ በቀኝ ከተሰቀለው ወንበዴ ጎን ነው የሚቆመው።

ያን ሰው እስቲ ጠጋ ብለሽ ተመልከቺው። እጆቹ ተቸንክረዋልና የሚሠራው በጎ ሥራ የለም። የሰረቀውን የሚመልስበት፣ የበደለውን ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ጊዜ አላገኘም። ከጥቂት ሰዓት በፊት፣ እንደ ማቴዎስ ወንጌል፣ እርሱም ከጓደኛው ጋር ይነቅፍ ነበር። የለመነው «አስበኝ» ብሎ ብቻ ነው፤ የተመለሰለትም «እውነት እልሃለሁ፥ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚል ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር አስቢ። ከመስቀሉ አልወረደም፤ ሥቃዩ አልቀለለለትም፤ ቀኑ ጨለመ፤ ይህን ተስፋ የሰጠው ጌታ ራሱ ከእርሱ ቀድሞ ሞተ፤ ቀጥሎ ወታደሮች መጥተው ጭኑን ሰበሩት። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ በገነት እንደሚውል የሚያረጋግጥለት አንዳች ምልክት፣ አንዳች ሙቀት በሥጋው ላይ አልነበረም። የነበረው በጆሮው የሰማው ቃል ብቻ ነው። አንቺም የያዝሽው ያንኑ ሰው የያዘውን ነው። «ያን ጊዜ አስበኝ ስል ከልቤ ነበር ወይ?» እያለ ራሱን ሲመረምር ቢቆይ ኖሮ በሥቃዩ ላይ ሥቃይ በጨመረ ነበር።

እንግዲህ ከእናትሽ ጋር «ዳንሁ» እና «አልዳንሽም» እየተባባላችሁ አትከራከሩ፤ በተለይ «እኔ ድኛለሁ፣ አንቺ ግን» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። አንድ ቀን ቡናው ሲፈላ ይህን የወንበዴውን ታሪክ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 አንብቢላቸው፤ ተዘከረነ የሚለውንም እርሳቸው በቃላቸው ይበሉልሽ። በጸሎተ ሃይማኖትም ጌታ ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ ስለ መዳናችን ከሰማይ እንደ ወረደ እርሳቸውም ይመሰክራሉ። ከዚህ ብትጀምሩ ብዙ ትነጋገራላችሁ።

አንድ ያመነ ሰው ኋላ ሊጠፋ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ያንን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ሁለቱም ወገኖች ዛሬ ወደ ክርስቶስ የሚመጣውን ክርስቶስ ዛሬ እንደሚቀበለው ያምናሉና፣ አንቺን ለሚያስጨንቅሽ ጥያቄ ይህ ይበቃል።

ስለ ጎረቤትሽ የጻፍሽውን ሳነብ ቆም አልሁ። እንደ ቀላል ነገር በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጥለሽው አልፈሻል፤ ለእኔ ግን ከጻፍሽው ሁሉ የበለጠ ተናገረኝ። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ቡና ተጠራርቶ የሚጠጣ፣ በለቅሶና በሠርግ የማይለያይ ሕዝብ ስለሆነ፣ የምታደርጊው ነገር የአገር ወግ ይሁን የእግዚአብሔር ፍቅር ለመለየት ቢያስቸግርሽ አይገርመኝም። ቢሆንም ይሉኝታ ሰው በሚያይበት ቦታ ነው የሚበረታው፤ ለቅሶ ቤት ያስቀምጣል፣ ሳህን ተሸክሞ ያስገባል። ሌሊቱን ሙሉ በማሽን ድምፅ ስትደነቁሪ አድረሽ፣ እግርሽ አብጦ፣ ሰው በማያይበት ጓዳ ውሃ አሙቀሽ የአንዲት አሮጊት ጀርባ ለማጠብ ግን ይሉኝታ ብቻውን ለስንት ቀን ያዘልቃል? ጥቂት ይሉኝታ ተቀላቅሎበት ቢሆንስ? በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ሐሳብ ያልተቀላቀለበት በጎ ሥራ የሠራ ሰው ከጌታችን በቀር አላውቅም።

ማቴዎስ ስለ መጨረሻው ፍርድ የጻፋቸውን ሁለት ቦታዎች ጎን ለጎን አድርገሽ ብታነቢ ይጠቅምሻል። በምዕራፍ 7 «ከቶ አላወቅኋችሁም» የተባሉት ሰዎች ሥራቸውን ዘርዝረው የቀረቡ ናቸው፤ በስምህ ትንቢት አልተናገርንምን፣ አጋንንትን አላወጣንምን እያሉ። በምዕራፍ 25 «እናንተ የአባቴ ቡሩካን ኑ» የተባሉት ግን ያደረጉትን አያስታውሱም፤ ጌታ ሆይ፣ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ፣ ታመህ መቼ ጠየቅንህ ብለው ይጠይቃሉ። አንቺን ሌሊት የሚያስፈራሽ የምዕራፍ 7 ቃል እንደ ሆነ እገምታለሁ፣ ብዙ ሰው የሚያስፈራው እርሱ ነውና። አንቺ ግን በየትኛው ወገን ነሽ? «ይህም ይሉኝታ ይሁን ፍቅር አላውቀውም» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ሥራዋን ይዛ የምትመካ ሴት እንዲህ አትጽፍም።

ዮሐንስ ወንድሞችን ስለምንወድ ከሞት ወደ ሕይወት እንደ ተሻገርን እናውቃለን ይላል። በቅድሚያ የሚናገረው ስለ አማኞች የእርስ በርስ ፍቅር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጌታ ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ በእምነት የተለየውን ሳምራዊ ነው በምሳሌነት የጠራው። ስለዚህ ይህን ፍሬ እግዚአብሔር በአንቺ ውስጥ እየሠራ ላለው ሥራ እንደ አንድ ምስክር ተቀበዪው፤ መሠረት ግን አታድርጊው። ደክሞሽ ሳትሄጂ የቀረሽበት ዕለት መዳንሽ አብሮ እንዳይናጋ፣ ምስክርነቱ ከቃሉ በኋላ ይቁም። ፍሬሽንም ብቻሽን ተቀምጠሽ አትመርምሪው፤ በቅርብ የሚያውቅሽን አንድ አማኝ ጠይቂ። ሰው የራሱን ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚያየው በመጨረሻ ነው።

ሌሊት የሚመጣብሽ ክፉ ቃል ያስፈራሽ መሆኑ አይደንቅም፤ ነገር ግን ጌታ አይሰረይም ያለውን ኃጢአት እስቲ በቦታው እንየው። በማርቆስ ምዕራፍ 3 ጻፎች ከኢየሩሳሌም ወርደው፣ ጌታ አጋንንትን ሲያወጣ በዓይናቸው እያዩ፣ ይህን የሚያደርገው በአጋንንት አለቃ ነው አሉ። ወንጌላዊው ጌታ ይህን የተናገረው «ርኩስ መንፈስ አለበት ይሉ ነበርና» ብሎ ምክንያቱን አስቀምጦልናል። የእግዚአብሔርን ሥራ እያወቁ፣ በፈቃዳቸው፣ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ሰዎች ናቸው፤ ይቅርታም አልለመኑም፣ ይቅርታ የሚያሻን ነን ብለውም አልፈሩም። አንቺ የማትፈልጊው ሐሳብ ሲመጣብሽ ትሸማቀቂያለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ ወደ ክርስቶስ ትሸሻለሽ። እንዲህ ያለውን ሰው አላወጣውም ብሎ ቃል ገብቷል። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረውና ስለ ስብከቱ 12 ዓመት የታሰረው እንግሊዛዊ ጆን ባንያን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ባለ ሐሳብ ተሠቃይቷል፤ ክርስቶስን ሽጠው፣ ሽጠው የሚል ቃል ቀንም ሌሊትም በአእምሮው ይመላለስበት እንደ ነበር ራሱ ጽፏል፣ ይህ ኃጢአት አይሰረይልኝም ብሎም ተስፋ ቆርጦ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ አማኞች ከእርሱ ይማራሉ።

ሐሳቡ ሲመጣብሽ አትከራከሪው፣ ለማጥፋትም አትታገዪው፤ በታገልሽው ቁጥር ይበረታል። «ጌታ ሆይ፣ ይህ የእኔ ቃል አይደለም» በይና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። በተጨማሪ ልብ በይ፤ የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍን ያዛባል፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ አንድን ፍርሃት ይዞ እየደጋገመ ማሽከርከር ይወዳል። ሳይፈልጉት እየተመላለሰ የሚመጣ ሐሳብ ሐኪሞች የሚያውቁት፣ ሕክምናም ያለው ችግር ነው። እንቅልፍሽ ካልተመለሰ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሪ፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም፣ ኤልያስም ሞትን ለምኖ በተኛበት ቀን እግዚአብሔር መልአኩን ልኮ በመጀመሪያ ያደረገለት እንዲበላና እንዲጠጣ ነው። ከተቻለም አለቃሽን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ቀን ፈረቃ እንዲያዛውሩሽ ጠይቂ።

የጌታን እራት መተውሽ ግን አሳዝኖኛል። ሳይገባው የሚበላ ዕዳ አለበት የሚለውን የ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ቃል ፈርተሽ እንደ ሆነ እገምታለሁ። ጳውሎስ ያን የጻፈላቸው ሰዎች ባለጠጋው ቀድሞ በልቶና ሰክሮ ድኻው ተርቦ የሚቀመጥበት ማዕድ አዘጋጅተው፣ የጌታን ሥጋ ሳይለዩ የሚበሉ ነበሩ። በኃጢአቱ አዝኖ፣ እኔ ብቁ አይደለሁም ብሎ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የተጻፈ ክልከላ አይደለም። ደግሞም ሐዋርያው «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» ነው ያለው፤ ራሱን ፈትኖ ይቅር አላለም። ለአንቺ ደግሞ ከማንም ይልቅ ይህ ማዕድ ያስፈልግሻል። ስብከት ለጉባኤው ሁሉ ይነገራል፣ «ይህ ለእኔ ይሆን?» ብለሽ ልትጠራጠሪ ትችያለሽ፤ እንጀራውና ጽዋው ግን በእጅሽ ላይ ነው የሚደረገው፣ «ስለ እናንተ» ተብሎ። ልብሽ ምንም ቢልሽ፣ ያን ጊዜ በእጅሽ የያዝሽው ነገር ለሌላ ሰው አልተሰጠም።

እጅ ስለ ማንሣት ምክሬ አጭር ነው። ከእንግዲህ ጥሪ ሲደረግ በቦታሽ ተቀመጪ። ለአዲስ ሰዎች የተደረገ ጥሪ ነውና በዚያ ሰዓት ስለ እነርሱ ጸልዪ። ለራስሽ ደግሞ «ጌታ ሆይ፣ ተቀበለኝ» የሚለውን ልመና እንደ አዲስ መጀመር ትተሽ «ስለ ተቀበልኸኝ አመሰግንሃለሁ» በይ፤ ቃሉ አፍሽ ላይ ቢከብድሽም በይው፣ ምክንያቱም የምታመሰግኚው እርሱ ስለ ገባልሽ ቃል ነው። መጀመሪያ ላይ ውሸት የተናገርሽ ይመስልሻል። ያ ስሜት ለጥቂት ጊዜ ይከተልሻል፣ አይዞሽ፤ በእኛ አገር ቋንቋ፣ አብሽሪ።

በዚህ ሳምንት መጋቢሽን ወይም ከሽማግሌዎች አንዱን አግኝተሽ ለእኔ የጻፍሽውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ ሌሊት ስለሚመጣብሽ ሐሳብም ሳታፍሪ ንገሪ፣ ከአገልግሎት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ጭንቀት ሲሰሙ የመጀመሪያቸው አይሆንም። በሚቀጥለው የጌታ እራት ዕለት ሌሊት ፈረቃ ከደረሰሽ ከባልደረባ ጋር ተቀያየሪ፤ ተኝተሽ እደሪና ከጉባኤው ጋር ቅረቢ።